በአምስተኛው ትውልድ አይፖድ ላይ ሮክቦክስ ስለመጫን፦ ፍላክ፣ የግዕዝ ፊደልና የዜማ ፍጥነት

ጥያቄዎ ባጭሩ ይህ ነው። ከታላቅ ወንድምዎ የደረሰዎት ባለ 30 ጊጋባይት የአምስተኛው ትውልድ አይፖድ አለዎት። ከሲዲ ወደ ፍላክ (የድምፁን ጥራት ሳይቀንስ ወደሚይዝ የፋይል ዓይነት) የገለበጧቸው የቆዩ የኢትዮጵያ ሙዚቃዎች አይጫወቱበትም፤ በአማርኛ የጻፏቸው የዘፈን ርዕሶችም ባዶ ሳጥን ሆነው ይታያሉ። ማሲንቆ እየተማሩ በመሆንዎ ደግሞ አንድን ዜማ ቃናው ሳይለወጥ ዘገም አድርገው ማዳመጥ ይፈልጋሉ። «ሮክቦክስ የሚባል ሶፍትዌር ቢጫንበት ሁሉም ይስተካከላል» ስለተባሉ፣ ነገሩ እውነት መሆኑንና አይፖዱን የሚያበላሽ እንደሆነ ጠይቀዋል።

ከሦስቱ ፍላጎቶችዎ የመጀመሪያው ሮክቦክስ እንደተጫነ ወዲያውኑ ይሟላል። ሁለተኛውም ይሟላል፣ ግን ከእርስዎ ሥራ ይጠይቃል። ሦስተኛው ለማሲንቆ በሚገባ፣ ለሙሉ ባንድ ግን በመጠኑ ያገለግላል። አደጋውን በተመለከተ፣ «ሮክቦክስ አበላሸብኝ» እየተባለ የሚመጣልኝ አይፖድ አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞውኑ ሃርድ ዲስኩ የደከመ ወይም ባትሪው ያለቀ ሆኖ ነው የማገኘው። ስለዚህ ከአጫጫኑ ይልቅ ከመጫኑ በፊት መደረግ ስላለበት ዝግጅት ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ።

ሮክቦክስ በ2001 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ላይ በስዊድን ፕሮግራመሮች የተጀመረ፣ ምንጭ ኮዱ ክፍት የሆነና ያለ ክፍያ የሚገኝ ሶፍትዌር ነው። ጀማሪዎቹ ያኔ የነበራቸው አርኮስ የተባለው ማጫወቻ ሲሆን፣ ከፋብሪካው ይዞት የመጣው ሶፍትዌር ስላላረካቸው የራሳቸውን ጻፉ። ሥራው ከዚያ ወዲህ ወደ አይሪቨር፣ ወደ ሳንዲስክ ሳንሳና ወደ አይፖድ ተሸጋግሯል። የእርስዎ አይፖድ ለገበያ የቀረበው በ2005 እ.ኤ.አ. ነው፤ አፕል የመጨረሻውን አይፖድ ከገበያ ማውጣቱን ያስታወቀው በ2022 ሲሆን፣ ሮክቦክስ 4.0 የወጣው በ2025 ነው። አምራቹ የተወው ዕቃ ከሃያ ዓመት በኋላ አዲስ ሶፍትዌር ማግኘቱ፣ እውነቱን ለመናገር፣ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

ስጋትዎን ለማቅለል፣ ሮክቦክስ አይፖዱ ውስጥ የት እንደሚቀመጥ ማወቅ ይጠቅማል። የአፕል ሶፍትዌር የሚገኘው በሃርድ ዲስኩ ላይ ከተጠቃሚው በተሰወረ አነስተኛ ክፍል ውስጥ ነው። ሮክቦክስ ሲጫን በዚያ ክፍል ውስጥ ቡትሎደር የሚባል ትንሽ ፕሮግራም ይጨመራል እንጂ የአፕል ሶፍትዌር አይጠፋም። ሮክቦክስ ራሱ የሚቀመጠው ሙዚቃው በሚገኝበት ክፍል ውስጥ፣ ስሙ በነጥብ በሚጀምር «ሮክቦክስ» በተባለ ፎልደር ነው። አይፖዱ በተነሣ ቁጥር ቡትሎደሩ ከላይ በኩል ያለውን የሆልድ መቆለፊያ ያያል፤ ተቆልፎ ካገኘው የአፕልን ሶፍትዌር፣ ካልተቆለፈ ሮክቦክስን ያስነሣል። ስለዚህ ሁለቱም ጎን ለጎን ይኖራሉ። ከዚህም በላይ አይፖዱን እንደ ውጫዊ ዲስክ ከኮምፒዩተር ጋር የሚያገናኘው የዲስክ ሁነታ የተጻፈው በዲስኩ ላይ ሳይሆን በቺፕ ላይ ነው። የሜኑና የመሃሉን ቁልፍ አንድ ላይ ተጭነው የአፕል ምልክት እስኪመጣ ከጠበቁ በኋላ፣ ሳይዘገዩ የመሃሉንና የፕሌይን ቁልፍ ቢጫኑ፣ በዲስኩ ላይ የተጻፈው ሁሉ ቢበላሽ እንኳ ወደዚያ ሁነታ ይገባል፤ ከዚያ ወዲያ እንደገና ወደ ፋብሪካ ይዘቱ መመለስ ይቻላል።

አሁን ወደ ዝግጅቱ እንምጣ። በመጀመሪያ የዲስኩን ጤና ይመርምሩ። አይፖዱን ጆሮዎ አጠገብ አድርገው ዘፈን ሲቀይሩ የሚሰሙት ቀለል ያለ የመሽከርከር ድምፅ የተለመደ ነው፤ በተደጋጋሚ ቀጭ ቀጭ የሚል ከሆነ ወይም ዲስኩ ለመነሣት ሞክሮ የሚመለስ ከመሰለዎት ግን ምንም አይጫኑበት። ከጆሮ የተሻለ ማስረጃ ደግሞ በውስጡ አለ። አይፖዱን ከላይ በተገለጸው መንገድ አስነሥተው የአፕል ምልክት ሲመጣ የመሃሉንና የወደ ኋላ መመለሻውን ቁልፍ ቢጫኑ የመመርመሪያ ሁነታ ይከፈታል፤ በውስጡ ስለ ሃርድ ዲስኩ ከሚናገሩት ዝርዝሮች አንዱ ዲስኩ ስለ ራሱ የመዘገበውን ያሳያል። እዚያ ላይ ተበላሽተው በሌላ የተተኩ ቦታዎች ቁጥርና ለመነበብ አስቸግረው ውሳኔ የሚጠብቁ ቦታዎች ቁጥር ይገኛሉ። ሁለተኛው ከዜሮ በላይ ከሆነ ዲስኩ እየሄደ መሆኑን አውቀው አስቀድመው ይለውጡት። ዛሬ ብዙ ሰው የሚሽከረከረውን ዲስክ አውጥቶ የኤስዲ ካርድ በሚቀበል ማገናኛ ይተካዋል፤ አይፖዱ ይቀላል፣ ሲወድቅም ዲስኩ ይሰበራል የሚል ስጋት አይኖርም። ባትሪውም የዚያኑ ያህል ዕድሜ ያለው ስለሆነ፣ ሽፋኑ ከተከፈተ አይቀር አብሮ ቢቀየር ጥሩ ነው።

ሁለተኛው ዝግጅት የዲስኩን ፎርማት ማረጋገጥ ሲሆን፣ ብዙ ሰው የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው። አይፖዱ መጀመሪያ ከማክ ኮምፒዩተር ጋር የተገናኘ ከሆነ ፎርማቱ ኤችኤፍኤስ ፕላስ ይሆናል፤ ከዊንዶውስ ጋር ከሆነ ደግሞ ፋት32 ነው። ሮክቦክስ የሚሠራው በፋት32 ብቻ ነው። የእርስዎ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ በአይፖዱ ሴቲንግስ ውስጥ አባውት የሚለውን ከፍተው ወደ ታች ይውረዱ፤ ፎርማቱ «ዊንዶውስ» ተብሎ ከተጻፈ ምንም ማድረግ አይጠበቅብዎትም። ካልሆነ ግን የቤተሰብዎን ሙዚቃና ፎቶ በሙሉ ወደ ኮምፒዩተር ገልብጠው ካስቀመጡ በኋላ፣ ዊንዶውስ ባለው ኮምፒዩተር ላይ በአይቲዩንስ አማካይነት ሪስቶር ያድርጉት። ሪስቶር በአይፖዱ ላይ ያለውን ሁሉ የሚደመስስ ስለሆነ፣ ወንድምዎ የተዉት ቅጂ ሌላ ቦታ እንደሌለ አስበው ይሥሩ።

አጫጫኑ ከዚህ ሁሉ ይቀላል። የሮክቦክስን መጫኛ ፕሮግራም ከራሱ ድረ ገጽ ያውርዱ፣ አይቲዩንስን ይዝጉ፣ ቡትሎደሩ የሚጻፈው በተሰወረው የዲስክ ክፍል ላይ ስለሆነም መጫኛውን በአስተዳዳሪ ፈቃድ ይክፈቱት። መጫኛው አይፖዱን ራሱ ለይቶ ያውቃል፤ የተረጋጋውን ስሪት መርጠው ቡትሎደሩንና ፎንቶቹን ጨምረው እንዲጭን ያዝዙት። ሲጨርስ ገመዱን ዝም ብለው አይንቀሉ፤ በኮምፒዩተሩ በኩል በደንብ ካላቀቁ በኋላ የሜኑና የመሃሉን ቁልፍ ተጭነው ያስነሡት። በስክሪኑ ላይ የሮክቦክስ ፋይል አልተገኘም የሚል ጽሑፍ ከመጣ አይደንግጡ፤ ይህ ማለት ቡትሎደሩ በትክክል ገብቶ ፎልደሩ ግን በቦታው የለም ማለት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ፎልደሩ በሌላ ፎልደር ውስጥ መቀመጡ ወይም ገመዱ ቀድሞ መነቀሉ ነው። ወደ ዲስክ ሁነታ አስገብተው ፎልደሩን ከሁሉም ውጭ፣ በዲስኩ የመጀመሪያ ደረጃ ላይ ያድርጉት።

ፍላክ ከዚህ በኋላ ጥያቄ አይሆንም። ፎልደሮችዎን እንደ ፍላሽ ዲስክ ጎትተው ይገለብጡና ከዝርዝሩ ከፍተው ያዳምጣሉ። ነገር ግን ፍላክ በባትሪዎ ላይ ምን እንደሚያደርግ አስቀድመው ይወቁ። ባለ 30 ጊጋባይቱ አይፖድ ያለው ጊዜያዊ ማኅደር 32 ሜጋባይት ነው፤ ባለ 60ውና ባለ 80ው 64 ሜጋባይት አላቸው። ከ32ቱ ለሙዚቃ 28 ያህል ይተርፋል እንበል። በሴኮንድ 900 ኪሎቢት የሚፈልግ የፍላክ ፋይል ይህን ማኅደር በአራት ደቂቃ ገደማ ይጨርሰዋል፤ በ192 ኪሎቢት የተቀዳ ኤምፒ3 ግን ሃያ ደቂቃ ያህል ይቆይበታል። ዲስኩ ማኅደሩ ባለቀ ቁጥር መነሣት ስላለበት፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ለኤምፒ3 ሦስት ጊዜ ያህል የሚነሣው ዲስክ ለፍላክ አሥራ አምስት ጊዜ ይነሣል ማለት ነው። ይህ መነሣት ደግሞ ባትሪውን ይበላል። በታክሲና በመንገድ ላይ በጆሮ ማዳመጫ የሚያዳምጡ ከሆነ፣ ፍላኩን በኮምፒዩተር ላይ አስቀምጠው ወደ አይፖዱ በኦፐስ ወይም በኦግ ቮርቢስ የተጨመቀ ቅጂ ቢወስዱ ልዩነቱን የሚሰሙ አይመስለኝም። ሁለቱንም ሮክቦክስ ያጫውታል። በኤስዲ ካርድ ከተኩት ግን የሚሽከረከር ነገር ስለማይኖር ይህ ሐሳብ አብዛኛውን ክብደቱን ያጣል።

ወደ ፊደሉ ስንመጣ፣ ችግሩ ሁለት መልክ ስላለው ለይቶ ማየት ያስፈልጋል። አንደኛው የፎንት ችግር ነው። ሮክቦክስ በፋይል ስምም ሆነ በዘፈኑ መረጃ ላይ የተጻፈውን ዩኒኮድ (ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር የሚሰጠውን የኮምፒዩተር አጻጻፍ) ያነባል፤ የግዕዝ ፊደልም ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኒኮድ ውስጥ አለ። ሆኖም የተመረጠው ፎንት ፊደሉን ካልያዘ ሮክቦክስ ከሌላ ፎንት ተበድሮ አያሳይም። ስለዚህ የሚያስፈልገው ላቲኑንና ግዕዙን በአንድ ላይ የያዘ አንድ የሮክቦክስ ፎንት ነው። ሮክቦክስ የተለመዱትን የኮምፒዩተር ፎንቶች በቀጥታ ስለማይቀበል፣ ከምንጭ ኮዱ ጋር አብሮ በሚገኘው «ኮንቨርት ቲቲኤፍ» በተባለ መሣሪያ መለወጥ አለባቸው። እንደ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ ኤስአይኤል ያለ ፎንት መርጠው፣ ላቲን ፊደሎችም በውስጡ መኖራቸውን አረጋግጠው፣ ከዩኒኮድ ቁጥር 32 እስከ 4991 ያሉትን ፊደሎች እንዲወስድ ያዝዙት። የአማርኛ ፊደላት ያሉት በዚያ ክልል መጨረሻ፣ ከ4608 ጀምሮ ነው። መሣሪያው በትእዛዝ መስኮት የሚሠራ ስለሆነ ካልለመዱት ሊኑክስ የሚጠቀም ወዳጅ ቢያግዝዎ በአጭር ጊዜ ያልቃል። የወጣውን ፋይል በሮክቦክስ ፎልደር ውስጥ ባለው የፎንቶች ፎልደር ያስቀምጡና ከቲም (የስክሪኑ ገጽታ ንድፍ) ሴቲንግስ ይምረጡት።

የፎንቱን ቁመት አያሳንሱ። ላቲን በ12 ፒክስል ደህና ይነበባል፤ የእኛ ፊደል ግን እግሩና ቅጥያው ብዙ ስለሆነ በዚያ መጠን ቁ ከቋ፣ ን ከኝ አይለይም። የእርስዎ አይፖድ ስክሪን 320 በ240 ፒክስል ነው፤ 20 ፒክስል የሆነ ፎንት ቢያደርጉበት አሥር ያህል መስመር ይይዛል፣ ዓይንም አያደክምም።

እዚህ ላይ ብዙዎችን የሚያደናግር አንድ ነገር አለ። ፎንቱ ከተመረጠ በኋላ በሜኑውና በፋይል ዝርዝሩ ውስጥ አማርኛው በትክክል እየታየ፣ ዘፈን ሲጀመር የሚመጣው ገጽ ግን አሁንም ሳጥን ያሳያል። ምክንያቱ ቲሙ ነው። ብዙ ቲሞች ለዘፈኑ ገጽ የራሳቸውን ፎንት ስለሚጭኑ የእርስዎ ምርጫ እዚያ አይደርስም፤ አዲስ ቲም በለወጡ ቁጥርም የመረጡት ፎንት በቲሙ ፎንት ይተካል። ወይ የራሱን ፎንት የማይጭን ቀለል ያለ ቲም ይምረጡ፣ ወይ የቲሙን ጽሑፍ ፋይል ከፍተው የፎንቱን ስም በእርስዎ ይተኩት።

ሁለተኛው መልክ የአጻጻፍ ነው። ከሲዲ ወደ ፍላክ ሲገለብጡ የጻፉት መረጃ ምንጊዜም በዩኒኮድ ስለሚቀመጥ ችግር የለበትም። ከድሮ ጀምሮ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞሩ የኖሩ ኤምፒ3ዎች ግን አንዳንዶቹ ርዕሳቸው በፓወር ግዕዝ ወይም በቪዥዋል ግዕዝ ዘመን የተጻፈ ነው። በእነዚያ ፎንቶች የግዕዙ ቅርጽ የተቀመጠው በላቲን ፊደል ቁጥር ላይ ስለነበር፣ በዩኒኮድ ሲነበብ ትርጉም የሌለው የላቲን ጥርቅም ሆኖ ይወጣል። በሮክቦክስ ውስጥ ያለው የኮድ ገጽ ምርጫም ይህን አይፈታውም። ያለው መፍትሔ በኮምፒዩተር ላይ ኤምፒ3ታግ ወይም ኪድ3 በመሰለ ፕሮግራም ርዕሶቹን እንደገና መጻፍ ነው።

እንደገና መጻፉ ካልቀረ አጻጻፍዎን አንድ ወጥ ያድርጉት። ሮክቦክስ ስሞችን የሚደረድረው በዩኒኮድ ቅደም ተከተል ሲሆን፣ እሱም ከሀ ለ ሐ መ ጋር ስለሚሄድ ዝርዝሩ እንደለመድነው ሆኖ ይመጣል። ድምፃቸው አንድ የሆኑ ፊደሎች ግን ለእሱ የተለያዩ ናቸው። ዓለማየሁ እሸቴን በአንዱ አልበም በዓይኑ «ዓ»፣ በሌላው በአልፋው «አ» ከጻፉት፣ በመረጃ ቋቱ ውስጥ ሁለት ዘፋኝ ይሆናል፤ ሁለቱም በዝርዝሩ ላይ ተራርቀው ይቀመጣሉ፤ ምክንያቱም በመካከላቸው ከ፣ ኸ እና ወ አሉ። ጥላሁን ገሠሠም በንጉሡ «ሠ»ና በእሳቱ «ሰ» ሲጻፍ እንዲሁ ይከፈላል። የትኛው አጻጻፍ ትክክል ነው የሚለውን ክርክር ለሊቃውንቱ ትተው፣ አንዱን መርጠው በእሱ ይጽኑ።

ሦስተኛው ፍላጎትዎ ፍጥነት ነው። በሳውንድ ሴቲንግስ ውስጥ ታይምስትሬች የሚለውን ይክፈቱና አይፖዱን አጥፍተው ያስነሡት። ከዚያ ዘፈኑ እየተጫወተ የመሃሉን ቁልፍ ጫን አድርገው ቢቆዩ ከሚመጣው ዝርዝር ውስጥ ፒች የሚለውን ያገኛሉ፤ እዚያ ቃናውንና ፍጥነቱን ለየብቻ መለወጥ ይቻላል። ይህ ስልት መጀመሪያ የታሰበው ለንግግር ነው። ድምፁን በጣም ትንንሽ ቁራጭ አድርጎ፣ ተመሳሳይ የሆኑትን እያፈላለገ እርስ በርስ ያደራርባል። አንድ ድምፅ ብቻ በሚሰማበት፣ ለምሳሌ አዝማሪው ከማሲንቆው ጋር ብቻውን በሆነበት ቅጂ ላይ፣ ተመሳሳዩን ቁራጭ ማግኘት ቀላል ስለሆነ ውጤቱ ያምራል፤ ዜማውን ወደ 75 በመቶ አውርደው የግራ እጅ ጣቶች ክሩን የት የት እንደሚነኩና ቀስቱ የት እንደሚመለስ ለይተው መስማት ይችላሉ። ድራም፣ ሳክስፎንና ኪቦርድ በተደራረቡበት የባንድ ቅጂ ላይ ግን የከበሮው ምት ሁለት ጊዜ የተመታ ይመስላል፣ ሳክስፎኑም ይንቀጠቀጣል። ለትምህርት የሚመርጡት ቅጂ በተቻለ መጠን ብቸኛ ማሲንቆ ይሁን።

እግረ መንገዴን አንድ ጥቅም ልጨምር። ከካሴት የተገለበጡ ዘፈኖች ብዙ ጊዜ ቴፑ ፈጥኖ ወይም ዘግይቶ በነበረበት ሁኔታ የተቀዱ ስለሆኑ፣ ማሲንቆዎን ቃኝተው አብረው ለመጫወት ሲሞክሩ ከዘፈኑ ጋር አይገጥምም። ለዚህ ታይምስትሬችን ይዝጉት። ሲዘጋ የፒች ማስተካከያው ቃናንና ፍጥነትን አንድ ላይ ነው የሚለውጠው፤ ቴፑ ያደረገውም ይህንኑ ስለሆነ ስሕተቱን በትክክል ይመልሰዋል። በአይፖዱ በኩል አንድ ሁለት በመቶ ከፍ ዝቅ ማድረግ ክሩን ከማጥበቅና ከማላላት ያድናል።

የሚያጡትንም ልንገርዎ። በአይቲዩንስ በኩል የሚገቡ ዘፈኖች ስማቸው ተቀይሮ በተሰወረ ፎልደር ውስጥ ስለሚበተኑ፣ በሮክቦክስ ፎልደር እየከፈቱ ቢፈልጓቸው አያገኟቸውም፤ የመረጃ ቋቱን ሲያስገነቡት ግን በዘፋኝና በአልበም ስም ይወጣሉ። ከአፕል መደብር በቀድሞው ዘመን የተገዙና በቅጂ መከላከያ የተቆለፉ ዘፈኖች በሮክቦክስ አይከፈቱም። ቪዲዮ የሚያጫውተው በኤምፔግ 1 ወይም 2 የተዘጋጀውን ብቻ ሲሆን፣ አፕል ለቪዲዮ ያስገባውን ልዩ ቺፕ ስለማይጠቀም ሥራው ሁሉ በዋናው አንጎለ ኮምፒዩተር ላይ ይወድቃል። ለቪዲዮም ሆነ ለተቆለፉት ዘፈኖች ሆልዱን ቆልፈው ወደ አፕል ሶፍትዌር መመለስ ብቻ በቂ ነው። ሮክቦክስን ፈጽሞ ማስወገድ ከፈለጉ በዚያው መጫኛ ፕሮግራም ውስጥ ማስወገጃው አለ፤ ቡትሎደሩን አውጥቶ ፎልደሩን ያጠፋል፣ ሙዚቃዎን ግን አይነካም።